ለደም የተከፈለ ስድስት ሚሊዮን ዶላር

በ1969 ኒውዮርክ ውስጥ ሁለት ባለፈረሶች ሳንቲም አስወረወሩ (ዘመኑ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ነው)። ሁለቱም በልባቸው የሚመኙት መሸነፍን ነበር። የኦግደን ፊፕስ ቤተሰብ ቦልድ ሩለር የሚባል ዝነኛ ድንጉላ አለው። ቨርጂኒያ ያለው የሜዶው እርሻ ደግሞ በየዓመቱ ሁለት ባዝራ ለዚህ ድንጉላ ይልካል፤ ገንዘብ አይከፍልም፣ የሚወለዱትን ውርንጭላዎች ይካፈላሉ። ሳንቲሙ ያሸነፈለት ከመጀመሪያው ዓመት ውልድ ቀድሞ ይመርጣል፣ የተሸነፈው ከሁለተኛው። ችግሩ በሁለተኛው ዓመት ከሁለቱ ባዝራዎች አንዷ ሳትፀንስ መቅረቷ ነው። ስለዚህ አሸናፊው አንድ ውርንጭላ ብቻ፣ ተሸናፊው ሁለት ያገኛል ማለት ሆነ። ፊፕስ አሸነፈና ሰምቲንግሮያል ከተባለችው ባዝራ የተወለደችውን እንስት ወሰደ። ለሜዶው ባለቤት ልጅ ለፔኒ ቼነሪ የቀራት አንድ ወንድ ውርንጭላና ገና በሰምቲንግሮያል ሆድ ያለ ጽንስ ነበር። ጽንሱ ማርች 30 ቀን 1970 ተወለደ፤ ዳማ፣ ግንባሩ ላይ ቦራ ያለበት፣ ሦስት እግሩ ነጭ። ሴክሬታሪያት የተባለው እሱ ነው።

ፊፕስ የመረጣት እንስት ዘ ብራይድ ተባለች። አባቷም እናቷም የሴክሬታሪያት አባትና እናት ናቸው። አንድም ሩጫ አላሸነፈችም።

የፈረስ ገበያ የቆመበትን እምነት ለመፈተን ከዚህ የተሻለ ማስረጃ የሚገኝ አይመስለኝም። ገበያው ፈረስን የሚገዛው በዘሩ ነው፤ አባቱ ማን፣ እናቱ የማን ልጅ ተብሎ። እኔ ደም ከንቱ ነው አልልም። የእነዚሁ ወላጆች ልጅ የሆነችው ታላቅ እህታቸው ሲሪያን ሲ ጥሩ ሯጭ ነበረች። የምለው ይህን ነው፤ ደም ለፈረሱ ዕድል ይሰጠዋል፣ ያ ዕድል ፍሬ የሚያፈራው ግን ጠዋት ማታ በሚደክሙለት ሰዎች እጅ ነው። ገበያው ዋጋ ሊያወጣለት የሚችለው ደግሞ ለመጀመሪያው ብቻ ነው።

ዘር አዋቂዎቹ ራሳቸው በሴክሬታሪያት ላይ የተናገሩትን ማስታወስ ደግ ነው። የቦልድ ሩለር ልጆች ፈጣን ናቸው፣ ረጅም መንገድ ግን አይችሉም ይባል ነበር። እስከ 1973 ድረስ ከልጆቹ አንዱም የኬንታኪ ደርቢን አላሸነፈም። ሴክሬታሪያት ደርቢውን በ1 ደቂቃ ከ59 ሰከንድ ከ2/5 ጨረሰ። ሩጫው አምስት እኩል ክፍል አለው፤ እያንዳንዱን ክፍል ከፊተኛው በበለጠ ፍጥነት ነው የሮጠው። እያደር የሚደክም ነው የተባለው ፈረስ እየሮጠ ሲሄድ እየፈጠነ መጣ። ጁን 9 ደግሞ በቤልሞንት፣ 2.4 ኪሎ ሜትር በሆነው ሩጫ፣ ተከታዩን በ31 የፈረስ ርዝመት ጥሎ በ2 ደቂቃ ከ24 ሰከንድ ገባ። ሦስቱን ታላላቅ ሩጫዎች አንድ ፈረስ ጠቅልሎ ሲያሸንፍ ከ1948 ወዲህ የመጀመሪያው ነበር። ከዚያ በኋላ አዋቂዎቹ የእናቱን አባት ፕሪንስኲሎን አስታወሱና ጽናቱ ከዚያ ወገን ነው አሉ። ካለፈ በኋላ የማይገለጥ ዘር የለም።

ስለ እንክብካቤ የምለውን አጥብቆ የሚያሳየው ግን ድሉ ሳይሆን ሽንፈቱ ነው። ከደርቢው ሁለት ሳምንት ቀደም ብሎ በዉድ ሜሞሪያል ሩጫ ሦስተኛ ወጣ። ጋዜጦቹ የተፈራው ደረሰ፣ ደሙ ርቀት አይችልም ብለው ጻፉ። አፉ ውስጥ መግል የቋጠረ እብጠት ነበረበት፤ ዛቡ በተሳበ ቁጥር ልጓሙ ቁስሉን ይነካዋል። በኦገስትም ሳራቶጋ ላይ ኦንየን በተባለ ብዙም ባልተነገረለት ፈረስ ተሸነፈ። ያን ጊዜም ታሞ ነበር። ደሙ በሁለቱም ቀን ያው ደም ነው። የተለየው የአፉ ቁስልና የሰውነቱ ትኩሳት ነው፤ እነሱን ቀድሞ የሚያውቅ ሰው ካለ ደግሞ ጋጣ ውስጥ አብሮት የሚውለው ነው።

አብሮት የሚውለው ኤዲ ስዌት ይባላል። የሳውዝ ካሮላይና ጥቁር፣ የጢሰኛ ልጅ ነው። አሰልጣኙ ሉሲየን ሎሪን በዚያው አገር በሆሊ ሂል የፈረስ ጣቢያ ነበረው፤ ስዌት ገና በልጅነቱ እዚያ ሥራ ገባ። በ1972 ደርቢውን ያሸነፈውን ሪቫ ሪጅንም የተንከባከበው እሱ ነው። የሥራው ዝርዝር ለሰሚ አሰልቺ ነው፤ ኮቴ መጥረግ፣ እግር መጠቅለል፣ ማጠብ፣ ከሩጫ በኋላ ላቡ እስኪደርቅ ማንሸራሸር፣ አጃው ስንት እንደተበላ ስንት እንደተረፈ ማየት። ግን ፈረስ ሕመሙን አይናገርም፤ የቁርጭምጭሚት ሙቀት ከትናንት መለየቱን መዳፉ የሚያውቅ ሰው ያስፈልገዋል። ሎሪንም ሆነ ጋላቢው ሮን ተርኮት በየዕለቱ የሚወስኑት ስዌት አይቶ በሚነግራቸው ላይ ተመሥርተው ነው።

ስዌት እዚያ ቦታ ላይ የተገኘው ደግሞ በአጋጣሚ አልነበረም። በ1875 የመጀመሪያው የኬንታኪ ደርቢ ሲሮጥ ከ15ቱ ጋላቢዎች 13ቱ ጥቁሮች ነበሩ። ያሸነፈው ኦሊቨር ሉዊስ ጥቁር፣ ፈረሱን ያሰለጠነው አንሰል ዊሊያምሰን በባርነት የተወለደ ሰው ነው። አይዛክ መርፊ ደርቢውን ሦስት ጊዜ ወሰደ። ከዚያ የዘር መድልዎው ሲጠብቅ ነጭ ጋላቢዎች ሜዳው ላይ ይጋፏቸው፣ ይገርፏቸው ጀመር፣ ባለፈረሶችም ኮርቻውን ነፈጓቸው። ከ1902ቱ ከጂሚ ዊንክፊልድ ድል በኋላ ጥቁር ጋላቢ ደርቢውን አላሸነፈም። ዕውቀቱ ከጋጣው አልወጣም፤ የወጣው ማዕረጉና ገንዘቡ ነው። በእኛም አገር አባ ታጠቅ፣ አባ ዳኘው የፈረስ ስም ነው፤ ክብሩ ለጌታው ሆኖ ይጠራል፣ ፈረሱን ያበላውና ያጠበው ሰው ግን በታሪኩ ውስጥ የለም።

ፔኒ ቼነሪን ባለማመስገን ማለፍም ፍርደ ገምድልነት ነው። አባቷ ሲታመሙ አራት ልጆች ያሏት የኮሎራዶ የቤት እመቤት ነበረች። ወንድሟና እህቷ እርሻው ቢሸጥ ይመርጡ ነበር። ወንድሟ ሆሊስ ቼነሪ ኋላ የዓለም ባንክ ዋና ኢኮኖሚስት የሆነው ሰው ነው፤ በሂሳብ ከሄድን ትክክል ሳይሆን አይቀርም። እሷ እምቢ አለች። አባቷ በጃንዋሪ 1973 ሲሞቱ ግን የውርስ ግብሩ መጣ። ሴክሬታሪያት በ32 አክሲዮን ተከፋፍሎ እያንዳንዱ በ190,000 ዶላር ተሸጠ፤ በድምሩ 6.08 ሚሊዮን፣ በዘመኑ ያልታየ ዋጋ። ሽያጩን ያካሄደው የኬንታኪው ክሌይቦርን እርሻ ወጣት አስተዳዳሪ ሴዝ ሃንኮክ ነበር። ጊዜውን ልብ ይሏል፤ ከደርቢውም ከቤልሞንቱም በፊት ነው። በዓመቱ መጨረሻ ሩጫ እንዲያቆምና ለርቢ እንዲውል የውሉ ግዴታ ነበር። ገዢዎቹ የከፈሉት ገና ላልተወለዱ ልጆቹ ነው ማለት ነው።

የሚከራከረኝ ሰው የፈረሱን ልብ ያነሳብኛል። በ1989 ሴክሬታሪያት በኮቴ ሕመም ሲሞት ምርመራውን ያደረገው ሐኪም ቶማስ ስወርዜክ ልቡ አሥር ኪሎ ያህል እንደሚሆን ገመተ፤ አልመዘነውም። የተራ ፈረስ ልብ አራት ኪሎ ገደማ ነው። እንዲህ ያለ ልብ በእንክብካቤ አይገኝም፣ ልክ ነው። ስዌት ዘ ብራይድን ቢያጥባት ኖሮ ቤልሞንትን አታሸንፍም ነበር። ሆኖም ያ ልብ በዉድ ሜሞሪያል ቀንም ደረቱ ውስጥ ነበር።

አክሲዮን የገዙትስ ያሰቡትን አገኙ? ከወንዶቹ ልጆቹ አባቱን የሚተካ አልተገኘም። ደሙ የታየው በሴቶቹ በኩል ነው፤ ኤ.ፒ. ኢንዲና ስቶርም ካት የልጆቹ ልጆች ናቸው። ስቶርም ካት በ2000ዎቹ ለአንድ ባዝራ ርቢ ግማሽ ሚሊዮን ዶላር ይጠየቅበት ነበር። ስለዚህ ገበያው ለደም መክፈሉ ጨርሶ አላከሰረውም፤ ትርፉ በልጅ ልጅ መጣ። ውሉ የተጻፈው ለዚህ ነውና ከሩጫው ሜዳ ውጭም መክፈሉን ቀጠለ። የጋጣው ሥራ ግን እንዲህ ያለ ውል የለውም። በልማዱ ጋላቢውና አሰልጣኙ ከሽልማቱ በመቶ አሥር፣ አሥር ይወስዳሉ፤ የጋጣ ሠራተኛ ደመወዙንና ባለፈረሱ ደስ ያለው ዕለት የሚሰጠውን ጉርሻ። ስዌት በኖቬምበር 1973 ፈረሱን ክሌይቦርን ድረስ ወስዶ አስረከበና ወደ ሌሎች ፈረሶች ተመለሰ፣ በ1998 ሀብት ሳያፈራ ሞተ። በ2004 ኬንታኪ ላይ የቆመው ሐውልት ከጋላቢው ጋር እሱንም ጨምሯል፣ ፈረሱን ይዞ። በነሐስ ለመቀረጽ ስሙ ኋላ ተቆጠረ፤ በ1973 ግን ከ32ቱ አክሲዮን አንዱን፣ ወይም የአንዱን ሩብ፣ ለእሱ ለመመደብ የሚከለክል ሕግ አልነበረም። የከለከለው ደም ይወረሳል፣ ሥራ ግን በዕለቱ ይከፈላል የሚለው የዚህ ገበያ አሮጌ ሂሳብ ነው።