ጉልቻው ከፍ ይበል

አሰላ ከባሕር ወለል በላይ 2,400 ሜትር ገደማ ላይ ናት። በሐምሌ የጭላሎ ብርድ ሲበረታ ቤተሰብ ሁሉ እሳት ዳር ይሰበሰባል። በብዙ ቤት እሳቱ ያለው መሬት ላይ ነው። ዳዴ የሚል ሕፃንም ውሎው መሬት ላይ ነው። ችግሩ የሚጀምረው እዚህ ጋ ነው።

ሕፃን ሲቃጠል ግማሹ ጎረቤት «የፈጣሪ ፈቃድ ነው» ይላል፤ ግማሹ «እናትየው የት ሄዳ ነው?» ይላል። ሁለቱም ልክ አይደሉም።

እናትየው የትም አልሄደችም። ወጡን እያማሰለች፣ ሌላውን ልጅ እያበላች ለአፍታ ፊቷን አዞረች፤ በቃ። 60 ዲግሪ የደረሰ ውሃ የሕፃንን ስስ ቆዳ ለማቃጠል ሰከንዶች ይበቁታል። በአሰላ ከፍታ ደግሞ ውሃ የሚፈላው 92 ዲግሪ አካባቢ ነው። በዚህ ፍጥነት ዓይን አይደርስም። ልጅን የሚያድነው ርቀት ነው።

ዕጣ ነው የሚለውም አያስኬድም። የዓለም ጤና ድርጅት እንደሚለው ቃጠሎ በዓመት 180,000 ያህል ሰው ይገድላል። በድሃና መካከለኛ ገቢ ባላቸው አገሮች ሕፃናት በቃጠሎ የሚሞቱበት መጠን ከሀብታሞቹ አገሮች ከ7 እጥፍ በላይ ነው። ዕጣ ቢሆን ኖሮ ኪስ እያየ አይመጣም ነበር።

መፍትሔው ሩቅ አይደለም። ምድጃን በድንጋይና በጭቃ እስከ ወገብ ማንሳት የሚጠይቀው የአንድ ሁለት ቀን ጉልበት ነው። ቡና ሲፈላ ከሰሉና ጀበናው ጥግ ይያዙ፤ ፊት ለፊታቸው አግዳሚ ይቀመጥ። ነጭ ጋዝና በረኪና በሃይላንድ ጠርሙስ አይቀመጡ፤ ሕፃን ውሃ ይመስለዋል። ከጠጣም እንዲያስመልስ አይገደድ፤ ቶሎ ወደ ሐኪም ይወሰድ። የተቃጠለ ቦታ ላይ የጥርስ ሳሙና፣ እንቁላል ወይም ሊጥ አይቀባም። 20 ደቂቃ ያህል ንጹሕ ቀዝቃዛ ውሃ ይፍሰስበት፤ በንጹሕ ጨርቅ ተሸፍኖ ወደ ጤና ጣቢያ። ከዘገየ ወይም ከከፋ መንገዱ እስከ አዲስ አበባው የካቲት 12 ሆስፒታል ሊረዝም ይችላል፤ 175 ኪሎ ሜትር ነው።

«አንዲት ክፍል ተከራይቶ የሚኖር ሰው የት ምድጃ ይሠራል?» የሚል ይኖራል። እውነት ነው፤ ጉዳዩን ለእናት ብቻ መተው የማይገባውም ለዚህ ነው። አከራይም፣ ቀበሌም፣ አባትም አሉበት። የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኞች ቤት ለቤት ዞረው መጸዳጃ አስቆፍረዋል። «ምድጃችሁስ?» ብሎ መጠየቅ አንድ ጥያቄ መጨመር ብቻ ነው። በ1960ዎቹ ካዱ ምርጥ ዘርና ማዳበሪያ ይዞ ሲመጣ የአርሲ ገበሬ አይቶ ተቀብሏል። ማሳው ሲለወጥ ጓዳው ለምን ይቀራል?

ጉልቻ ቢለዋወጥ ወጥ አያጣፍጥም ይባላል። ከፍ ቢል ግን ልጅ ያተርፋል።