የእሑዷ መኪና በሆሳዕና መንገድ ስትመዘን

ለእሑድ ሽርሽር ሁለተኛ መኪና የሚፈልግ ሰው ዝቅ ያለች፣ ሞተሯ ኃይለኛ የሆነ ያገለገለች የስፖርት መኪና ይግዛ የሚለው ምክር በመኪና አምዶች ደጋግሞ ይነበባል። ምክሩ የተጻፈው ለሌላ አገር መንገድ ነው።

ሆሳዕና ከባሕር ጠለል በላይ ከ2,100 ሜትር ከፍ ብላ ትገኛለች። በዚህ ከፍታ አየሩ ስለሚሳሳ ቱርቦ የሌለው ሞተር ከጉልበቱ አንድ አምስተኛ ያህሉን ያጣል። ገዢው ገንዘቡን ያፈሰሰበት የፈረስ ጉልበት ከግቢው ሳይወጣ ቀንሷል። ከአስፋልቱ ወደ ኮብልስቶኑ ሲታጠፍ ደግሞ ከመሬት 13 ሴንቲ ሜትር ብቻ የራቀች መኪና ሆዷ ይፋቃል።

ዋጋውስ? በ2012 ዓ.ም. የወጣው የኤክሳይዝ ታክስ አዋጅ በአሮጌ መኪኖች ላይ እስከ 500 በመቶ ጣለ፤ በ2016 ደግሞ በነዳጅ የሚሠሩ አውቶሞቢሎችን ማስገባት ተከለከለ። መለዋወጫዋ የማይገኝ መኪና ከቆመች ቆመች ነው።

መንዳት የሚያስደስተው ሰው አሮጌዋን ቮልስ ዋገን ይመልከት። ሞተሯ የሚቀዘቅዘው በአየር ነው፤ ራዲያተር ፈላ፣ ውኃ አለቀ የሚባል ጣጣ የለባትም። ክብደቷ በሚገፉት የኋላ ጎማዎች ላይ ስላረፈ የከምባታን ዳገት በክረምት ጭቃም ቆንጥጣ ትወጣለች። ዘገምተኛ ናት የሚል ይኖራል። ልክ ነው፤ ግን ባጃጅ፣ እግረኛና ከብት በሚጋሩት መንገድ ላይ ፍጥነት ምን ይሠራል?

ሊገዛ የመጣ ሰው መጀመሪያ የኋላ መቀመጫውን ያንሳ። ባትሪው እዚያ ሥር ስለሚቀመጥ የወለሉ ላሜራ በዝገት ተበልቶ ሊሆን ይችላል። ቀጥሎ ሞተሩን አጥፍቶ የታችኛውን ፑሌጃ በእጁ ይያዝና ወደ ፊትና ወደ ኋላ ይግፋ፤ ቀጭ ቀጭ ካለ ሞተሩ መፈታቱ አይቀርም፤ ወይ ዋጋው ይቀነስ፣ ወይ ሌላ ይፈለግ።