«የሲኒማ አያት» አትበሉት

የሲኒማ ታሪክ ጸሐፊዎች አንድ ክፉ ልማድ አላቸው። ፈረንጆች «ማጂክ ላንተርን» የሚሉትን የአስማት ፋኖስ በመጀመሪያው ምዕራፍ ላይ ለወጉ ያህል ብቅ ያደርጉትና «የሲኒማ አያት» የሚል ማዕረግ ሰጥተውት ወደ 1895 እ.ኤ.አ.፣ ወደ ሉሚዬር ወንድማማቾች ይሮጣሉ። ከሁለት መቶ ዓመት በላይ ሕዝብን በጨለማ ያሰባሰበ ጥበብ በአንድ አንቀጽ ያልቃል። የእኛዎቹም ከዚያው ቀድተው ይደግሙታል። አያት መባል ክብር ይመስላል፤ ዳሩ ግን እንዲህ ያለው አያትነት «ጊዜህ አልፏል፣ ጥግህን ያዝ» ማለት ነው። ፋኖሱ ሳይበስል የቀረ ሲኒማ አልነበረም። ሲኒማ ቀስ በቀስ የጣለውን ነገር ይዞ የኖረ ራሱን የቻለ ሙያ ነበር።

ንቀቱስ ከፈጣሪው ይጀምራል። ብዙዎች ፈልሳፊው ነው የሚሉት የሆላንዱ ሊቅ ክርስቲያን ሃይገንስ በ1659 እ.ኤ.አ. የገዛ ቅሉን ከአንገቱ አንሥቶ የሚጫወት አጽም ለፋኖሱ ነደፈ። በ1662 ግን አባቱ ለፈረንሳይ ቤተ መንግሥት የሚያሳየው አንድ ፋኖስ ላክልኝ ቢለው አፈረ፤ እንዳይሠራ አንዱን ሌንስ አውጣልኝ ሲል ወንድሙን ተማጠነ። በ1799 ፓሪስ ላይ ደግሞ የሊዬዡ ተወላጅ ሮበርትሰን በቀድሞ የካፑቺን ገዳም ውስጥ ባለ መንኰራኵር ፋኖሱን ከመጋረጃው ጀርባ እየገፋ መናፍስቱን ሲያገዝፍና ሲያሳንስ ተመልካቹ በድንጋጤ ይጮኽ ነበር። የአዲስ አበባ የመጀመሪያው ሲኒማ ቤት «የሰይጣን ቤት» ተባለ እያልን በአያቶቻችን የምንስቅ ሰዎች ይህን ብናስታውስ ደግ ነው። የፓሪሱ ሰው ሰይጣን ለማየት ከፍሎ ነው የገባው።

ለመሆኑ ሥራው ምን ይመስል ነበር? ዕቃው ተራ ነው፦ መብራት ያለበት ሣጥን፣ ብርሃኑን የሚሰበስብ ወፍራም ሌንስ፣ ከፊት ምስሉን የሚያጐላ ሌላ ሌንስ፣ በመካከላቸው ሥዕል ወይም ፎቶግራፍ ያለበት የመስተዋት ሰሌዳ። ሌንሱ ስለሚገለብጠው ሰሌዳው ተዘቅዝቆ ይገባል። ችግሩ ያለው ከዚህ በኋላ ነው። በ19ኛው መቶ ዓመት ለትልልቅ አዳራሾች የዘይት መብራት አልበቃ ሲል የኖራ ብርሃን መጣ። ኦክሲጂንና ሃይድሮጂን በየከረጢታቸው ተሞልተው፣ በሳንቃ መካከል ተጋድመው ክብደት ይጫንባቸዋል፤ ነበልባላቸውም የኖራውን ቁራጭ እስኪያበራ ያግለዋል። እሳቱ በአንድ ቦታ እንዳይቦረቡረው ባለፋኖሱ ኖራውን በየጊዜው በእጁ ያዞራል። የጋዙ ግፊት ከተዛባ ይፈነዳል። የቀዘቀዘ ሰሌዳ ሲገባ ጉም ስለሚለብስ አስቀድሞ ይሞቃል። ምስሉ ከጀርባ የሚጣል ከሆነ ብርሃን እንዲያሳልፍ መጋረጃው በውኃ ይርሳል። ባለፋኖሱ በጨለማ ውስጥ የሰሌዳውን ምልክት በአውራ ጣቱ እየፈለገ፣ ተናጋሪው በዘንጉ መታ ባደረገ ቁጥር ቀጣዩን ያስገባል። ሁለት ሌንስ ካለው አንዱን እያደበዘዘ ሌላውን እያደመቀ በጋውን ክረምት ያደርገዋል።

እንግሊዞች የሚወዱት አንድ ሰሌዳ ነበር፤ አልጋው ላይ የተኛ ጺማም ሰው አፉን በከፈተ ቁጥር አይጥ ይውጣል። ባለፋኖሱ በአንድ እጁ አይጦቹን ያዞራል፣ በሌላው መንጋጋውን ይስባል። የሚያንኮራፋው ግን ተመልካቹ ነበር! ይህ ሁሉ የማን ሥራ ነው? አንድም ቀን ስሙ በግድግዳ ማስታወቂያ ላይ በትልቁ ያልተጻፈ የባለፋኖሱ ሥራ።

«ታዲያ ይኸ የልጆች ጨዋታ አይደለም ወይ?» የሚል አይጠፋም። ጋዜጠኛው ጄኮብ ሪስ በጥር 1888 እ.ኤ.አ. የኒውዮርክን ድኾች ጎጆ በፋኖስ እያሳየ ሲናገር ለጨዋታ አልነበረም። ዝነኛው መጽሐፉ የታተመው በ1890 ነው፤ ፋኖሱ ቀድሞታል። እንግሊዛዊቱ ሚስዮናዊት አሊስ ሲሊ ሃሪስ በ1904 በኮንጎ፣ ባሪንጋ ላይ፣ ንሳላ የተባለ አባት የትንሽ ልጁን የተቆረጡ እጅና እግር ፊቱ አድርጎ ቁጭ ብሎ ሲመለከት ፎቶግራፍ አነሣች። ልጅቱ ለንጉሥ ሊዮፖልድ ጎማ ሲባል ከተገደሉት አንዷ ነበረች። አሊስና ባሏ ያንን ምስል በፋኖስ እያበሩ እንግሊዝንና አሜሪካን ዞሩ። ሊዮፖልድ በ1908 ኮንጎን ለቤልጅግ መንግሥት እንዲያስረክብ ያስገደደው ፋኖሱ ብቻ ነው አልልም፤ የኬስመንት ሪፖርትና የሞሬል ብዕር ነበሩ። የቅኝ ገዢ መሥሪያ ቤቶችም በዚያው ፋኖስ ግዛታቸውን አሞግሰውበታል። ንሳላም ራሱ መድረክ ላይ አልቆመም፤ ሌላ ሰው ስለ እርሱ ተናገረለት። ይህን የምደብቅበት ምክንያት የለም።

ቢሆንም ከምስሉ አጠገብ ሰው ቆሞ ነበር። የት ተነሣ፣ ማን አነሣው፣ ሟችዋ ማን ናት ብሎ የሚጮኽበትን ተመልካች ፊት ለፊት የሚያይ ሰው። ከጥቅምት 2013 እስከ ጥቅምት 2015 ዓ.ም. በዘለቀው ጦርነታችን በየስልካችን የገባውን ሬሳ እናስታውስ። ከሌላ አገርና ከሌላ ዘመን የመጣው ሁሉ «የትናንት ነው» እየተባለ ሲዘዋወር ማንን ጠየቅን? ዘንግ ይዞ የቆመ ማን ነበር?

በፋኖስ ስም የሚደረገው የዛሬው ውለታም እንዲሁ ነው። ቤተ መዘክሮች ሣጥኑን በመስተዋት ቆልፈው፣ ሰሌዳዎቹን በኮምፒዩተር ገልብጠው በየግድግዳው ያለ ድምፅ ያሳልፏቸዋል። ይህ የፋኖስ ትርኢት ከሆነ የቅኔ ማኅሌቱ ከበሮ ፎቶግራፍም ወረብ ነው! የቆየ ሰሌዳ በሙቀት ይሰነጠቃል የሚሉ ጠባቂዎች እውነት አላቸው፤ ቅጂ ይሠራለት። ኖራና ጋዝ ዛሬ አያስፈልግም፤ የኤሌክትሪክ አምፖል፣ ሁለት ሌንስና ነጭ አንሶላ ይበቃል። መብራቱ ይጥፋ፣ ባለፋኖሱ ከሰሌዳው ጋር ይሥራ፣ ተናጋሪውም ከአንሶላው ጎን ቆሞ ከጨለማው የሚመጣለትን ጥያቄ ይመልስ።