የጅቡቲ ግማሽ ሊበራሊዝም

ሊበራሊዝም የግለሰብን ነፃነት የሚያስቀድም ፍልስፍና ነው፤ ጆን ሎክ በሕግ የተገደበ መንግሥትን፣ አዳም ስሚዝ ደግሞ ነፃ ንግድን መሠረት አድርገውለታል። ጅቡቲ የስሚዝን ወስዳ የሎክን ትታለች። ፍራንኳ ከ1949 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ከዶላር ጋር የታሰረ ነው፤ ከ1973 ወዲህ አንድ ዶላር ከ177.721 ፍራንክ ንቅንቅ አላለም፣ ገንዘብም ያለ ከልካይ ይገባል፣ ይወጣል። ምርጫው ሌላ ነው፦ በ1999 ሥልጣን የያዙት ፕሬዚዳንት ኢስማኢል ኦማር ጌሌ በ2021 ያሸነፉት ከ97 በመቶ በላይ ድምፅ አግኝተው ነው። ያልተገደበ ሥልጣን ደግሞ ነጋዴውንም አይምርም። በየካቲት 2018 መንግሥት የዱባዩን የወደብ ኩባንያ የዲፒ ወርልድን ውል በፕሬዚዳንቱ ድንጋጌ ሰርዞ የዶራሌን ኮንቴይነር ተርሚናል ወሰደ፤ የለንደኑ ግልግል ዳኝነት በዚያው ዓመት ውሉ የጸና ነው ቢልም ተርሚናሉ አልተመለሰም። አብዛኛው የኢትዮጵያ ገቢና ወጪ ዕቃ በጅቡቲ ስለሚያልፍ፣ ነገሩ ለአዲስ አበባ አስመጪ የጎረቤት ወሬ አይደለም።