በረዶው የለቀቀ ዶሮ ለማን ይሸጣል?

ገዳሪፍ ላይ መብራት ጠፍቶ ሲመጣ ፍሪዘር ያለው ነጋዴ ሁሉ አንድ ነገር ይጠይቃል፤ በረዶው የለቀቀው ዶሮ ተመልሶ ይቀዘቅዛል ወይስ ይጣላል? መልሱን ብዙ ጊዜ የሚሰጠው ኪስ ነው። ኪሳራ የከበደው መልሶ ያስበርዳል፣ የፈራው ሁሉንም ይጥላል። እኛ ሁለቱም ሳይለኩ ነው የሚወስኑት እንላለን።

ጥያቄው ደግሞ የሚቀር አይደለም። በ2006 ዓ.ም. ከተመረቀው መስመር ወዲህ ገዳሪፍ ከእኛው አገር በሸሂዲ በኩል መብራት ስታገኝ ቆይታለች፤ ቢሆንም ጦርነቱ በሚያዝያ 2015 ዓ.ም. ከተነሣ ጀምሮ መብራት አለ ብሎ መነገድ ቀርቷል። በ2017 ዓ.ም. የጥምቀት ሰሞን የሸዋክ የኃይል ጣቢያ በድሮን ሲመታ ገዳሪፍም ከሰላም ጨለሙ።

«አንዴ ከቀለጠ አይመለስም» የሚለውን ደንብ ሁላችንም እናውቀዋለን። ለጥንቃቄ ጥሩ ነው፣ ልክ ግን አይደለም። ሥጋው ላይ ገና የበረዶ ቅንጣት ካለ፣ ወይም ቅዝቃዜው ከ4 ዲግሪ ካላለፈ፣ ተመልሶ ቢቀዘቅዝ ሰው አይጎዳም። የሚጎዳው ጣዕሙ ነው፤ በረዶው ሥጋውን ከውስጥ ይሰነጥቀውና ሲለቅ ውኃው ይወጣል። ለጥብስ ይደርቃል፣ ለወጥ ግን ብዙም አያስታውቅም።

አደጋው የሚመጣው ሥጋው ከሞቀ በኋላ ነው። ቅዝቃዜ ጀርምን አይገድልም፣ ያስተኛዋል እንጂ። ሙቀት ሲያገኝ ይነቃና ይራባል፤ መልሳችሁ ስታስበርዱት እንደገና ይተኛል፣ ቁጥሩ ግን አይቀንስም። በሚቀጥለው ጊዜ ከቆመበት ነው የሚቀጥለው። «ደኅና አድርገን እንቀቅለዋለን» የሚሉ አሉ። አንዳንዱ ጀርም ሥጋው ላይ የሚተወው መርዝ በመቀቀል አይጠፋም። ሽታም አይታመን፤ ሳይሸት የሚያሳምም አለ።

ስለዚህ የሚቆጠረው ሰዓት ነው። ክዳኑ ካልተከፈተ ጢም ያለ ፍሪዘር 48 ሰዓት ያህል ይይዛል፣ ግማሹ ባዶ ከሆነ 24፣ ተራ ፍሪጅ ደግሞ 4 ሰዓት። ይህ ግን ጎማው ላልላላ ፍሪዘርና ለደኅና ክፍል የተባለ ነው። በሚያዝያና በግንቦት ሙቀቱ 40 ዲግሪ ሲያልፍ፣ ቆርቆሮ ጣሪያ ሥር ባለ ሱቅ፣ ከዚያ ቀንሳችሁ ቁጠሩ። ከፍሪዘር ውጭ ያለ ሥጋ 2 ሰዓት ይፈቀድለታል፤ አየሩ ከ32 ዲግሪ ካለፈ 1 ሰዓት ብቻ። ከገላባት በፎም ሣጥን ጭኖ ኬላ ላይ የሚቆም ሰው ይህችን አንድ ሰዓት ያስባት።

ሱቅ ላልነበራችሁበት ሌሊት አንድ ዘዴ አለ። በኩባያ ውኃ አስበርዱና ከላዩ ሳንቲም አስቀምጡ፣ ፍሪዘሩ ውስጥ ተዉት። ስትመለሱ ሳንቲሙ ከላይ ካለ ደኅና ነው፤ ከሥር ከተገኘ በረዶው ሁሉ ቀልጦ ነበር ማለት ነው፣ አሁን ድንጋይ ቢመስልም። የእኛው የአንድ ብር ሳንቲም ይበቃል፤ ጊኔ በሳንቲም ካየን ቆይተናል።

ቤተሰቦችም ጥሬ ዶሮ ፍሪጅ ውስጥ ቀዝቅዞ እያለ በረዶው ከለቀቀ ወጥ ሠርታችሁ ወጡን ማስበረድ ትችላላችሁ። እንጀራ ብዙ አያሠጋም። የሞቀ ሥጋን ግን «ቋንጣ እናድርገው» አይባልም፤ ቋንጣ ከትኩስ ሥጋ ነው።

አሁን ወደሚያጣላን ነገር እንምጣ። የሞቀው ዶሮ ብዙ ጊዜ አይጣልም። ዋጋው ይቀነስና ለምግብ ቤት ሴቶች፣ ሰሊጥ ለማጨድ ለመጡ የቀን ሠራተኞች ይሸጣል። የሚገዛው ርካሽ ነው ብሎ ይገዛል፣ ለምን እንደረከሰ የሚነግረው የለም። ቅናሽ በንግድ ነውር አይደለም፤ ገዢው የቅናሹን ምክንያት ካላወቀ ግን ያ ቅናሽ ሳይሆን ኪሳራን ለሌላ ሰው ልጅ ማስተላለፍ ነው። ተቅማጥ የያዘው ሕፃን ለሐኪም ቤት የሚያወጣው ከዶሮው ዋጋ ይበልጣል፣ ሐኪም ቤት ከተገኘ። ቀዝቃዛውን «በረዶው ለቆ ነበር፣ ዛሬውኑ አብስሉት» ብሎ መሸጥ ይቻላል፣ እኛም እንገዛለን። የሞቀው ይጣል።

«ካፒታሌ እኮ ነው» የምትለውን እህት እንረዳታለን። በእቁብ የተሰበሰበ ገንዘብ አንድ ሌሊት ሲቀልጥ ማየት ቀላል አይደለም። ግን በሙቀት ወራት ፍሪዘሩን በዕዳ ዶሮ ከመሙላት ግማሹን በውኃ ጠርሙስ መሙላት ይሻላል፤ የበረደ ውኃ ቅዝቃዜ ይይዛል፣ ቢቀልጥም ይጠጣል። ሦስት አራት ሱቅ ሆኖ አንድ ጀነሬተር መግዛትም ይቻላል።

ከዚህ በተረፈ እኛ የምናቀርበው ሐሳብ ይህ ነው። ከየሳምንቱ እቁብ ጥቂት ይነሣና ዕቃ ለሞቀባት ነጋዴ ይቀመጥ፤ ሙሉውን ባይተካ ግማሹን። ስምምነቱ አንድ ነው፤ ሥጋው ሁለት የእቁብ አባላት ባሉበት ይጣል። ይህ ከተሰማ ጀምሮ «ያልሞቀውን ሞቀ ብሎ የሚያስከፍል አይጠፋም» የሚሉን አሉ። ሊኖር ይችላል። ሁለቱ አባላት የሚቆሙት ለዚህ ነው፤ ሳንቲሙንም ያዩታል።