አንበሳው ተኝቷል፣ አትቀስቅሱት

ልጅ ያሳደገ ሁሉ ያውቀዋል፤ ትምህርት ቤት በተዘጋ በሦስተኛው ቀን «የት እንሂድ?» የሚል ጥያቄ ይነሣል። ወረታ ላይ መልሱ አጭር ነው። ልጆቻችን ወይ ባሕር ዳር ሐይቁን ሊያዩ፣ ወይ ጎንደር ፋሲል ግቢን ሊጎበኙ ይወሰዳሉ። ፋሲል ግቢ ውስጥ የአንበሳ ቤት አለ፤ አንበሳ ይኖርበት የነበረ፣ ዛሬ ባዶውን የቀረ የድንጋይ ክፍል ነው። አስጎብኚው ታሪኩን ሲተርክ አዋቂው ራሱን ይነቀንቃል። ልጅ ግን ባዶ ቤት አይቶ አይጠግብም፤ «አንበሳውስ?» ይላል።

የዘጠኝ ዓመቱ የልጅ ልጄም እንዲሁ ብሎ ስለነበር ባለፈው ዓመት አዲስ አበባ ልጄን ልጠይቅ ስሄድ ይዤው ሄድኩና ስድስት ኪሎ አንበሳ ግቢ ወሰድኩት። የአዲስ አበባዋ የአክስቱ ልጅም አብራን ነበረች። ስድስት ዓመቷ ነው፤ ከትምህርት ቤቷ ጋር አንድ ጊዜ ስለሄደች «እኔ አሳያችኋለሁ» እያለች ከፊት ከፊት ትሮጣለች።

ግቢው ትንሽ ነው፤ ተዘዋውሮ ለመጨረስ አንድ ሰዓት ይበቃል። የአንበሶቹ ክፍሎች ክብ ሠርተው የተደረደሩ ናቸው፤ ሰው ዙሪያውን እየዞረ በብረት ፍርግርግ ያያል። የወረታው ልጅ ያደገው ከከብት ጋር ነው። አባቱ ጥቁርና ነጭ ዝንጉርጉር የሆኑትን የፎገራ ላሞች ያረባል፤ እሱም ከትምህርት መልስ ይጠብቃል። ስለዚህ አንበሳውን ያየው በእረኛ ዓይን ነው። ጎፈሩን አላደነቀም። መጀመሪያ ወለሉን አየ፣ ቀጥሎ የክፍሉን ስፋት፣ ከዚያ ወደ እኔ ዞሮ «እምዬ፣ መቼ ነው የሚያወጡት?» አለኝ።

«አይወጣም» አልኩት።

«ታዲያ ምን አደረገ?»

ለዚህ መልስ አላገኘሁም። ልጅቷ ግን ፈጥና «አንበሳ ስለሆነ ነዋ!» አለችው።

አንደኛው አንበሳ ተኝቶ ነበር። ከፍርግርጉ ፊት የቆሙ ወጣቶች ያፏጫሉ፣ ይጮኻሉ፣ አንዱ የውኃ ኮዳውን በብረቱ ላይ ያንቋቋል። «ብር ከፍለን የገባነው ተኝቶ ልናየው ነው?» ይላሉ። አንበሳ በዱርም ቢሆን ከቀኑ አብዛኛውን፣ አንዳንዴ እስከ 20 ሰዓት ድረስ የሚያሳልፈው ተጋድሞ ነው። ይህን ለልጆች ቤት ሳሉ ብትነግሯቸው «ታሟል ወይ?» ብለው አይሰጉም፣ ካልተነሣ ብለውም አያስቸግሩም። ከመተኛቱ ይልቅ ልብ ማለት ያለብን አንድ እንስሳ ባንድ መስመር ወዲያ ወዲህ፣ ወዲያ ወዲህ ሲመላለስ ነው። ያ የተጨነቀ እንስሳ ነው። እዚያው አጠገብ በነበረው ክፍል አንዲት ሴት አንበሳ እንዲያ ስትመላለስ ልጆቹ «ሰላምታ እየሰጠችን ነው» ብለው እጃቸውን ያውለበልቡላት ነበር።

አንድ አባት ደግሞ ፎቶ ለማንሣት ሕፃኑን ከመከለያው አሻግሮ ሊያቆም ሲል ጥበቃው ጮኸበት። አባትየው ተቆጣ። እኔ ከጥበቃው ጋር ነኝ። ከዓመታት በፊት በዚሁ ግቢ አንበሳ የገዛ ቀላቢውን፣ በየቀኑ ሥጋ የሚሰጠውን ሰው፣ ነክሶ ገድሏል። የክፍል በር ሳይዘጋ መቅረቱ ነበር ምክንያቱ። አንበሳ የለመደ ይመስላል እንጂ አይለምድም።

ስለ ግቢው ታሪክ ለልጆቹ የነገርኳቸውን ለእናንተም ላካፍላችሁ። አንበሳ ግቢ የተቋቋመው በ1940 ዓ.ም. ገደማ፣ በቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዘመን ነው። ሲጀመር የነበሩት ሰባት አንበሶች እንደሆኑ ይነገራል፤ አምስት ወንድና ሁለት ሴት። ዛሬ የምናያቸው የእነዚያ ዘሮች ናቸው። እኛ ጋብቻ ስናስብ እስከ ሰባት ቤት ቆጥረን ነው፤ እነዚህ ግን ከሁለት እናት የተወለዱ፣ ከ70 ዓመት በላይ እርስ በርስ የተዋለዱ ዘመዳሞች ናቸው። እንዲህ ሲሆን በሰውም በእንስሳም ዘር እየደከመ ሊሄድ ይችላል። ሆኖም በ2005 ዓ.ም. የእንግሊዝና የጀርመን ተመራማሪዎች ከ15ቱ አንበሶች ናሙና ወስደው ባሳተሙት ጥናት፣ በምሥራቅና በደቡብ አፍሪካ ካሉት አንበሶች በዘር የተለዩ መሆናቸውን አረጋገጡ። ከአንገት አልፎ ደረትና ሆድ ድረስ የሚወርደው ጥቁር ጎፈራቸው ለጌጥ ብቻ አይደለም ማለት ነው።

ይህን ያህል ውድ የሆነ ዘር ግን ችግር አይቷል። በ1999 ዓ.ም. ግቢው ቦታና ገንዘብ አጥሮት የተወለዱ ግልገሎች በመርዝ ይገደሉ እንደነበር ኃላፊው ራሳቸው ለዓለም የዜና ማሰራጫዎች ተናግረው ነበር። ይህን ለስድስት ዓመቷ አልነገርኳትም። ለዘጠኝ ዓመቱ ግን ማታ ነገርኩት። ዝም ብሎ ሲያስብ ቆይቶ «ከብት ሲበዛ እኮ ይሸጣል» አለኝ። አንበሳ ማን ይገዛል?

አሁን ወደ ሙያዬ ልመለስ። በአንበሳው ፊት ወላጅ ሁሉ ይጠነቀቃል፤ ጦጣዎቹና ዝንጀሮዎቹ ዘንድ ሲደርስ ግን ይዘናጋል። ቆሎ፣ ሙዝ፣ ብስኩት በልጅ እጅ አስይዞ «በይ ስጪው» የሚል እናትና አባት ብዙ አየሁ። ጦጣ ሲቀማ ይቧጭራል፣ ሲከለከል ይነክሳል። ንክሻው ደግሞ የቁስል ጉዳይ ብቻ አይደለም። የእብድ ውሻ በሽታ ስሙ ውሻ ይበል እንጂ በጦጣም፣ በድመትም፣ በቀበሮም፣ በጅብም ይተላለፋል።

ከሥራ ዘመኔ አንድ ልጅ አይረሳኝም። ስምንት ዓመት ቢሆነው ነው፤ ከገጠር ቀበሌ የመጣ። እናቱ ውኃ በጣሳ ስታቀርብለት ጉሮሮው ይቆለፍና ይንቀጠቀጣል። ጠየቅናቸው። ከ40 ቀን በፊት ከሰፈር ቡችላ ጋር ሲጫወት እጁን ጫር አድርጎት ነበር፤ ደም እንኳ በቅጡ አልወጣውም። ቅጠል ተቀጥቅጦ ታሠረለት፣ ዳነ፣ ተረሳ። እዚያ ደረጃ ከተደረሰ በኋላ በእኛም ሆነ በየትም ሆስፒታል የሚያድን መድኃኒት የለም። ሰላማዊ ጥግ ፈልገን ከእናቱ ጋር አስተኛነው፤ የቻልነው ይህንኑ ነው።

ስለዚህ ልጃችሁን ውሻም ይሁን ጦጣ ቢነክሰው ወይም ቢቧጭረው፣ መጀመሪያ ወዲያውኑ ቁስሉን በሚፈስ ውኃና በሳሙና 15 ደቂቃ ሙሉ እጠቡ። 15 ደቂቃ ረጅም ነው፤ በሰዓት ያዙት። በርበሬ፣ ቅጠል፣ ቅባት አታድርጉበት። ከዚያ በዚያው ቀን ጤና ተቋም ውሰዱት። ክትባቱ እነሱ ጋር ከሌለ የት እንደሚገኝ ሳይነግሯችሁ አትመለሱ። ብዙ ወላጅ በሆድ ላይ በየቀኑ የሚወጋውን የድሮ መርፌ እያሰበ ይዘገያል፤ ዛሬ በክንድ የሚሰጥ፣ በቁጥርም ያነሰ ክትባት አለ። ጸበል የሚወስድ ይውሰድ፤ እኔም አማኝ ነኝ፤ ክትባቱ ግን አይቅር። በነገራችን ላይ የቤታችሁን ውሻ በየዓመቱ ማስከተብ ከዚህ ሁሉ ይቀላል።

በእኛም አገር ሰው የጦጣ ግልገል ከጫካ አምጥቶ በገመድ አስሮ ልጆቹን የሚያጫውትበት ቤት አልፎ አልፎ አያለሁ። በሆለታ አቅራቢያ እንስሳ ኮቴ የሚባል 77 ሄክታር የሚሆን የእንስሳት ማገገሚያ አለ፤ የሚያስተዳድረው ቦርን ፍሪ የተባለ ድርጅት ነው። በሕገወጥ መንገድ ሊሸጡ ሲሉ የተያዙ የአቦሸማኔ ግልገሎችና ሰው ቤት ታስረው የኖሩ አንበሶች እዚያ ይገባሉ። ዶሎ የሚባል አንበሳ ነበራቸው፤ በአጭር ሰንሰለት ታስሮ ከመኖሩ የተነሣ ጎፈሩ ረግፎ ነበር የመጣው። አብዛኞቹ እንዲህ ዓይነት እንስሳት ወደ ዱር መመለስ አይችሉም፤ ማደን አልተማሩም፣ ሰውም አይፈሩም። ልጅ «ጦጣ አምጡልኝ» ሲል ይህን ንገሩት።

ወረታ ከተመለስን በኋላ ልጁ አንድ ነገር ደጋግሞ ይጠይቀኝ ጀመር። «እዚህ እኛ ጋ ያለው እንስሳ የት ነው የሚጎበኘው?» እውነት ነው፤ ፎገራ ሜዳ ላይ ቲኬት የሚቆረጥበት በር የለም። ግን ከጥቅምት ጀምሮ ሰማዩን ቀና ብሎ ላየ፣ ረጃጅም አንገታቸውን ዘርግተው፣ ተሰልፈው እየጮኹ የሚያልፉ ግራጫ አዕዋፍ አሉ። ክሬን ይባላሉ፤ የሕንፃ ሠራተኞቹ ማሽን ስሙን የወሰደው ከእነዚህ ወፎች አንገት ነው። ከሩስያና ከዚያ አካባቢ ብርዱን ሸሽተው የሚመጡ ናቸው። ሌሊት ጥልቀት በሌለው ውኃ ውስጥ በእግራቸው ቆመው ያድራሉ፤ ሲነጋ አጨዳው ወዳለቀ ማሳ ወርደው የተራረፈ እህል ይለቅማሉ። ከእነሱ ሌላ እዚሁ የሚኖሩም አሉ፤ አንዱ ዓይነት አናቱ ላይ የወርቅ ዘውድ የመሰለ ላባ አለው፣ ሌላው ጉሮሮው ሥር ሁለት ሥጋ ይንጠለጠልበታል።

ለጥምቀት የአዲስ አበባዋ ልጅ ስትመጣ ሁለቱንም ይዤ፣ ገና ጎሕ ሲቀድ በባጃጅ ወጣንና ቀሪውን በእግር ሄድን። አሁን አስጎብኚው የወረታው ልጅ ሆነ። «ቀስ በይ፣ አትሩጪ፣ ቀይ ሹራብሽን አውልቂ» ይላታል። ማሳው ላይ ስንት እንደነበሩ ልንቆጥር ሞክረን ተውነው። እሷ ልትቀርብ ስትል ሁሉም አንገታቸውን ቀጥ አደረጉ፣ ከዚያ ባንድ ጊዜ ተነሡ፤ ድምፁ መሬቱን ያንቀጠቀጠው መሰለኝ። ልጅቷ ጆሮዋን ይዛ ቆመች። አንበሳ ግቢ እንዲህ ስትሆን አላየኋትም።

ነገር ግን ወፎቹ የሚያድሩበት ውኃ እየጠበበ ነው። ሸሸርና ወላላ የሚባሉት ረግረጎች በእኔ ጉልምስና ዘመን በበጋም ሰፊ ውኃ ነበሩ። አምባዛ እንቁላሉን የሚጥለው እዚያ ነው፤ ክረምት ርብ ሞልቶ ሲፈስ ዓሣው ከሐይቁ ይወጣና ይራባል። አሁን ውኃው ሲሸሽ እርሻ ይከተለዋል፤ የቀረውን ደግሞ በሞተር ይስቡታል። ጣና ከነዙሪያው በ2007 ዓ.ም. በዩኔስኮ የባዮስፌር ጥብቅ ስፍራ ሆኖ ተመዝግቧል፤ ሞተሩ ግን መዝገብ አያነብም። ገበሬውን አልወቅስም። የገዛ ልጄም ሩዝ ያመርታል፣ የልጅ ልጆቼ የሚማሩት በዚያ ነው። ይሁን እንጂ የመጨረሻውን ኩሬ ማድረቅ የማንንም ልጅ አያስተምርም ባይ ነኝ። ይህን ለልጄም ነግሬዋለሁ፤ «ጎረቤቱ ካልተወ እኔ ብተው ምን ዋጋ አለው?» አለኝ። ክርክራችን ገና አላለቀም።

ልጆቻችሁን ወደ ሜዳው ለማውጣት ያሰባችሁ ታኅሣሥና ጥር ይሻላሉ፤ ጭቃው ደርቋል፣ ወባውም ከመስከረምና ከኅዳር ጋር ሲነጻጸር ቀለል ይላል። ጠዋት 12 ሰዓት ላይ እዚያ ድረሱ፤ ሹራብ አልብሷቸው፣ ውሻ አታስከትሉ። ጫማቸውን እንዳያወልቁ፣ ወደ ኩሬው ገብተው እንዳይንቦራጨቁ። በሐይቁ ዙሪያ ባሉት ውኃዎች ቢልሃርዝያ አለ፤ ከቀንድ አውጣ ወጥቶ በቆዳ ነው የሚገባው፣ አይታይም አያምም። የሞተ ወፍ ቢያገኙ በእጃቸው አያንሡ። የካቲት ሲያልቅ ግራጫዎቹ መሄድ ይጀምራሉ፤ መጋቢት ላይ የሚመጣ ሰው ባለ ዘውዶቹን ያይ ይሆናል እንጂ እነሱን አያገኝም።