በኤልኮ ፈረሱ ገና ሥራ አልፈታም

በአሪዞና በረሃ ቱምስቶን የምትባል ትንሽ ከተማ አለች። እ.ኤ.አ. በ1881 በዚያች ከተማ ሦስት ሰዎች የሞቱበት የተኩስ ልውውጥ ተደረገ። የፈጀው ሠላሳ ሰከንድ ገደማ ነበር። ያቺ ግማሽ ደቂቃ ዛሬም ትኬት ለቆረጠ ጎብኚ ትደገማለች፤ ተዋንያኑ ይተኩሳሉ፣ ይወድቃሉ፣ ተነሥተው አቧራቸውን አራግፈው ለሚቀጥለው ትርዒት ይዘጋጃሉ። የካውቦይን ሕይወት ለማየት አሜሪካ የሚዘልቅ እንግዳ አብዛኛውን ጊዜ መጨረሻው እንዲህ ያለ ቦታ ነው። ያሳዝናል፤ ካውቦይ ከሁሉ በፊት ከብት የሚጠብቅ ደመወዝተኛ ነበርና። ሽጉጡን ያገነነው ሲኒማ ነው። ሥራውን በሕይወት ሳለ ማየት የሚሻ ሰው ወደ ሰሜን ምሥራቅ ኔቫዳ፣ ወደ ኤልኮ ቢያቀና ይሻለዋል።

ኤልኮ ሃያ ሺህ ገደማ ነዋሪ ያላት፣ በሃምቦልት ወንዝ ዳር የተቆረቆረች የባቡር ከተማ ናት። ዙሪያዋ ግራጫ ቁጥቋጦ የለበሰ ሜዳ ነው፤ ከሜዳው ማዶ በረዶ ያረፈባቸው የሩቢ ተራሮች ይታያሉ። ከኔቫዳ መሬት 80 በመቶ ያህሉ የፌዴራሉ መንግሥት ነው። እ.ኤ.አ. በ1934 በወጣው የግጦሽ ሕግ መሠረት አርቢዎች ክፍያ እየከፈሉ ከብታቸውን በዚህ መሬት ላይ ያሰማራሉ፤ በጸደይ ይለቁታል፣ በመከር ይሰበስቡታል። መሬቱ ገደልና ድንጋይ የበዛበት ነው። መኪና የማይደርስበት ሸለቆ ውስጥ የቀረችን ላም ከነጥጃዋ ለማውጣት ፈረስ ያስፈልጋል። የኤልኮ ፈረሰኛ ኮርቻ ላይ የሚወጣው ለፎቶ ሳይሆን ለዕለት እንጀራው ነው፤ ባህሉንም እስከ ዛሬ ያቆየው ይኸው ነው።

የአካባቢው ሰዎች ራሳቸውን ባካሩ ብለው ይጠራሉ። ሙያቸው ከካሊፎርኒያ የሜክሲኮ ፈረሰኞች የተወረሰ ሲሆን ትዕግሥት የሚጠይቅ ነው። ከብት ለመያዝ ከጥሬ ቆዳ የሚጎነጎነው ጠፍር 18 ሜትርና ከዚያም በላይ ይረዝማል። ሸምቀቆው ጥጃው አንገት ላይ ሲያርፍ ፈረሰኛው ጠፍሩን ኮርቻው ላይ አያስረውም፤ በኮርቻው ቀንድ ላይ ይጠቀልለውና ቀስ እያለ እንዲንሸራተት ይለቀዋል። እንዲህ ሲሆን ጥጃውም፣ ፈረሱም፣ ጠፍሩም አይጎዱም። ፈረሱ ሲገራም መጀመሪያ አፉ ውስጥ ብረት አይገባም፤ አፍንጫው ላይ በሚውል የተጎነጎነ ቆዳ ይለማመዳል። በብር ያጌጠውን ልጓም የሚጎርሰው ከዓመታት ሥልጠና በኋላ ነው። ችኩል ሰው ለዚህ ሙያ አይሆንም።

የእጅ ሥራውም አብሮ ኖሯል። በ19ኛው ክፍለ ዘመን መጨረሻ ኤልኮ የገባው ጓዳሉፔ ጋርሲያ የሠራው ኮርቻ እ.ኤ.አ. በ1904 በሴንት ሉዊስ፣ በ1905 ደግሞ በፖርትላንድ ዓለም አቀፍ ኤግዚቢሽኖች የወርቅ ሜዳሊያ አግኝቷል። እ.ኤ.አ. በ1929 የተከፈተው የካፕሪዮላ ሱቅ እስከ ዛሬ በትእዛዝ ኮርቻ ይሠራል፤ በጋርሲያ ስም የሚታወቁት ልጓሞችም እዚያው ይሸጣሉ። የበግ እረኞች ሆነው የመጡት የባስክ ሰዎች ያረፉበት፣ እ.ኤ.አ. በ1910 የተሠራው ስታር ሆቴልም አሁን ምግብ ቤት ነው። እንግዶች በረጃጅም ጠረጴዛ ዙሪያ ተቀምጠው ከአንድ ሳህን እየተካፈሉ ይበላሉ፤ ብቻውን መብላት ለማይወድ ኢትዮጵያዊ የሚመች ቤት ነው።

ኤልኮን ከሌሎች የከብት ከተሞች የሚለያት ግን ግጥሟ ነው። እ.ኤ.አ. በ1985 ጃንዋሪ ሃል ካነንን የመሳሰሉ የፎክሎር ባለሙያዎች ከየከብት እርባታው (ራንቹ) ገጣሚ ካውቦዮችን ፈልገው እዚህ ሰበሰቧቸው። ወሩ የተመረጠው አለምክንያት አይደለም፤ ላሞች መውለድ ሳይጀምሩ ሥራ ጋብ የሚልበት ጊዜ ነው። ወደ መድረኩ የወጡት ከብት ሲጠብቁ የኖሩ ሰዎች ነበሩ። በኤልኮ አካባቢ ራንቾች ሲሠራ የኖረው ዋዲ ሚቸል በዚህ መድረክ ታውቆ እስከ ብሔራዊ ቴሌቪዥን ደረሰ። የሞንታናው አርቢ ዋላስ ማክሬ እ.ኤ.አ. በ1990 ለባህል ባለሙያዎች የሚሰጠውን ብሔራዊ ሽልማት የተቀበለ የመጀመሪያው የካውቦይ ገጣሚ ሆነ። ግጥሞቹ ድርቅን፣ የባንክ ዕዳን፣ ጌታውን የጣለ ፈረስን፣ የሞተ ጓደኛን ያነሣሉ፤ ብዙዎቹ ከወረቀት ሳይሆን በቃል ይባላሉ። ቀረርቶና ፉከራ እየሰማ ያደገ ሰው ይህን አዳራሽ እንግዳ አይሆንበትም።

ይህ የገጣሚ ካውቦዮች ጉባኤ ሲጀመር የመንግሥት የኪነ ጥበብ ድጋፍ ነበረው። እ.ኤ.አ. በ2011 የኔቫዳው ሴናተር ሃሪ ሪድ በበጀት ክርክር ላይ ጉባኤውን ጠቅሰው የባህል ድጋፍ እንዳይቆረጥ ሲከራከሩ ተቃዋሚዎቻቸው የብክነት ምሳሌ አድርገው ተሳለቁባቸው። ፌዙ ተገቢ አልነበረም። ያ ድጋፍ የበረሃ እረኞችን ቃል ከመጥፋት አድኗል፤ ጉባኤውም በብርዱ ወራት አጋማሽ ትንሿን ከተማ በእንግዳ ይሞላታል።

ሁሉም ነገር ግን የተመቸ አይደለም። እ.ኤ.አ. ከ1965 ጀምሮ በካርሊን አካባቢ በስፋት የሚቆፈረው ወርቅ የኤልኮ ዋነኛ የገቢ ምንጭ ሆኗል። የማዕድን ደመወዝ ከራንች ደመወዝ እጅግ ስለሚበልጥ ወጣቱ ቢሄድ አይፈረድበትም። እ.ኤ.አ. በ2018 ደግሞ የማርቲን ሰደድ እሳት በሰሜን ኔቫዳ ከ170,000 ሄክታር በላይ የግጦሽ መሬት በላ። የታሪኩ አነጋገርም መታረም አለበት። ሆሊውድ የነጭ ብቻ አድርጎ ያሳየን ካውቦይነት በእውነቱ ብዙ ጥቁሮችና ሜክሲኳውያን የሠሩበት ሙያ ነው። በዚሁ በኤልኮ ካውንቲ ሄንሪ ሃሪስ የሚባል ጥቁር ካውቦይ ኋላ የኔቫዳ ገዥ በሆኑት በጆን ስፓርክስ ራንች የነጭ ሠራተኞች አለቃ ሆኖ አገልግሏል።

ለእኛም ጥር የፈረሰኛ ወር ነው። በ1932 ዓ.ም. የተመሠረተው የአገው ፈረሰኞች ማኅበር በዓሉን በእንጅባራ የሚያከብረው ጥር 23 ቀን ነው፤ የኤልኮ ጉባኤ በሚደረግበት ሰሞን መሆኑ ነው። እንጅባራም ፈረሱና ፈረሰኛው አሏት። የባህል ቢሮዎች ከኤልኮ ሊወስዱት የሚገባው አንድ አሠራር አለ፤ መድረኩን ከባለሥልጣን ንግግርና ከተቀጠረ የሙዚቃ ባንድ ቀንሶ ለባለሙያዎቹ መስጠት። ኮርቻ ሰፊው ሥራውን እያሳየ ያስረዳ፣ ሽማግሌው ፈረስ እንዴት እንደሚገራ ይናገር፣ ፎካሪው በራሱ አፍ ይፎክር፤ ይህም ሁሉ በድምፅና በምስል ይቀረጽ። በላስ ቬጋስ ለምትኖሩ ብዙ ኢትዮጵያውያን ደግሞ ኤልኮ ያለችው እዚያው በምትኖሩበት ኔቫዳ ውስጥ ነው፤ መንገዱ 700 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። ልጆቻችሁን ይዛችሁ በጃንዋሪ መጨረሻ ሂዱ፤ ወፍራም ካፖርት አትርሱ።